የዕፀ መድኃኒት ምስጢርና የዐዋቂው ዕዳ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ታማሚው ሕመሙን በግልጥ እንዲናገር የሚመክር፣ ብዙ ጥበብ ያለበት ቃል ነው። ነገር ግን ተረቱ ታማሚውን ብቻ ይገሥጻል። በሽታውን የደበቀው እንዲህ ከተባለ መድኃኒቱን የደበቀውስ ምን ሊባል ነው? መድኃኒቱን ሰጥቶ ጉዳቱን የደበቀውስ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የሐኪሞችና የመድኃኒት ቀማሚዎች ብቻ ይመስል ይሆናል። ሆኖም ጤና አዳም በቡናው ያልነከረ፣ ምች መታው ተብሎ ዳማከሴ ያልታሸለት፣ ሆዱን ሲቆርጠው ፌጦ ያልተበጠበጠለት ሰው በመካከላችን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነገሩ ሁላችንንም የሚነካ ነው።

አስቀድመን ስለ ዕፅዋት ባሕርይ ጥቂት እንበል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒት ከምድር የተፈጠረ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ያስተምረናል። ይህንን አምነን ስንቀበል ግን ስጦታው ያለ ሁለተኛ ፊት የተሰጠን አድርገን መገመት አይገባንም። ዕፅ እግር የለውም፤ ፍየል ሲመጣበት ሊሸሽ፣ ትል ሲበላው ሊያራግፍ አይችልም። ስለዚህ በቅጠሉ፣ በሥሩ፣ በፍሬውና በልጡ ውስጥ መራራና ብርቱ የሆኑ ቅመሞችን እያዘጋጀ ራሱን ይጠብቃል። እኛ መድኃኒት ብለን የምንለቅመው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ የዕፁን የጦር መሣሪያ ነው። ትሉን የሚገድለው ኀይልና ሰውን የሚጎዳው ኀይል ሁለት አይደሉም፤ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በመጠኑ፣ በጊዜውና በጠጪው ሰውነት ላይ ነው። እንግዲህ «ይህ ቅጠል መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ከመጀመሪያው አሳስቶታል ማለት ነው።

ከኮሶ እንጀምር። ኮሶ በደጋው አገራችን የሚበቅል፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንዠረገግ ትልቅ ዛፍ ነው። የሴቴዋ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ሲጠጣ ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚመጣውን ትል ያስወጣል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋውን ከመተው ይልቅ በየሁለት ወሩ ገደማ ያንን መራራ መጠጥ መጠጣትን መረጡ። በዚህ ምርጫቸው ልንወቅሳቸው አንደፍርም፤ እኛም እስከ ዛሬ ጥሬ ሥጋውን አልተውንምና። የሚያስደንቀው ነገር ትሉ ራሱ ስሙን ከመድኃኒቱ መውሰዱ ነው። በሌላው ዓለም መድኃኒቱ በበሽታው ስም ሲጠራ እናያለን፤ በእኛ ዘንድ ግን በሽታው በመድኃኒቱ ስም ተጠርቶ «የኮሶ ትል» ተባለ። አንድ ሕዝብ ከአንድ ዛፍ ጋር ምን ያህል እንደ ተዋወቀ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር ያለ አይመስለንም።

ይህን ዛፍ የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን በጎበኘ ጊዜ አይቶ ጻፈለት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አበባው ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች እየተጫነ ይሄድ ጀመር፤ በ1864 በታተመው የእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍም ውስጥ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የኬሚስትሪ ሊቃውንት አበባውን መርምረው ካወጧቸው ቅመሞች አንዱን ኮሶቶክሲን ብለው ሰየሙት። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የእኛው ኮሶ ነው፤ የኋለኛው ክፍል ግን መርዝ ማለት ነው። ይህንንም ያለ ምክንያት አላሉትም። የኮሶ መጠን ሲበዛ ያስታውካል፣ ሰውነትን ያዝላል፣ ነፍሰ ጡርን ሊያስወርድ ይችላል፤ ከዚህም አልፎ የዓይንን ብርሃን ያጠፋል። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ኮሶ ከጠጡ በኋላ ዓይናቸው የታወረባቸውን ሕሙማን መዝግበው አቆይተውልናል።

በእኛ ቤት ኮሶ የሚበጠብጡት አያታችን ነበሩ። የሚሰፍሩት በእጃቸው መዳፍ ነበር፤ ሚዛን አልነበራቸውም። ከመስፈራቸው በፊት ግን ጠጪውን አስቀምጠው ይጠይቁታል። ትናንት ማታ ምን በላህ? ከዚህ በፊት የጠጣኸው መቼ ነው? ትኩሳት ነበረብህ ወይ? ሴት ከሆነች ደግሞ ወደ ጓዳ ጠርተው በጆሮዋ የሚጠይቋት ሌላ ጥያቄ ነበረ። ለሕፃን አይሰጡም ነበር፤ ከበሽታ ለተነሣ ሰውም «ደምህ ይመለስና ና» ብለው ይመልሱት ነበር። ልጆች ሳለን ይህ ሁሉ ጥያቄ የአሮጊት ወግ ይመስለን ነበርና እንስቅ ነበር።

አንድ ጎረቤታችን ግን አሮጊት አስቸግሮ ከመለማመጥ ከገበያ መግዛት ይሻላል ብሎ አበባውን ገዝቶ ራሱ በጠበጠው። አበባው ያው ነው፤ ምናልባትም ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ይሆናል። ሻጩ የነገረው ዋጋውን ብቻ ነው፤ መጠኑን አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም። ማለዳ ጠጣ፤ እስከ ረፋዱ ድረስ ትሉ ስላልወጣለት ሰነፍ ኮሶ ነው ብሎ ያንኑ ያህል ደገመ። ከዚያን ቀን በኋላ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት አልቻለም። በዚህ ሰው ዓይን መጥፋት ጥፋተኛው ማን ነው? ሻጩ የተጠየቀውን ሸጠ። ሰውየው እንደ አገሩ ልማድ ጠጣ። አያታችንም የሚያውቁትን ለመንደሩ አላስተማሩም፤ እንዲያስተምሩ የጠየቃቸውም አልነበረም። ሕግ ይህን ነገር ቢመረምረው ምናልባት ማንንም አይቀጣበት ይሆናል። ሕሊና ግን ከሕግ ይልቅ ረዥም እጅ አለው።

ከኮሶው ይልቅ ልባችንን የሚያሳዝነው ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም የአብሾ ታሪክ ነው። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ያጠና እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ የሚፈራው ረኀቡን ሳይሆን መርሳቱን ነበር። ስለዚህ አእምሮን ይከፍታል፣ የተማሩትን አያስረሳም እየተባለ ከሚነገርላቸው መጠጦች አንዱን፣ አብሾን፣ የሚጠጣ ተማሪ ነበረ። ይህ መጠጥ የሚዘጋጀው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ ከምንለው ዕፅ ነው ይባላል። ዛሬ እንደምናውቀው በዚህ ዕፅ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ቅመሞች ይገኛሉ። እነዚህ ቅመሞች በሚዛን ተለክተው በሐኪም እጅ ሲሰጡ ብዙ ነፍስ ያድናሉ፤ ያለ ልክ ሲወሰዱ ግን አፍን ያደርቃሉ፣ የዓይንን ብሌን ያሰፋሉ፣ ሰውን ያስቀባጥራሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ። አስተናግር የሚለው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ዛሬም በመጠጥ ቤት ቁጣው ከልክ ያለፈ ሰው ሲታይ «አብሾ አለበት» መባሉ አልቀረም።

በዚህ ነገር ላይ የሚከብደን ጉዳይ የሚከተለው ነው። ተማሪው የጠጣው ለክፉ አልነበረም፤ ዕውቀትን ስለ ወደደ ነው። ያጠጣውም ሰው ብዙ ጊዜ በጎ አስቦለት ይሆናል። ነገር ግን የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ አእምሮውን በመያዣነት አስይዞ ዕውቀትን ሲበደር፣ የውሉን ግማሽ ብቻ አንብበውለት ነበር። ትውስታ እንደሚጨምር ነገሩት፤ ማስተዋልን ሊወስድ እንደሚችል አልነገሩትም። እሺ ማለቱስ እሺታ ሊባል ይገባዋልን? እኛ አይገባውም እንላለን። ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ዐውቆ ሊቀበል ይችላል፤ ይህ መብቱ ነው። ያልነገሩትን አደጋ ግን ሊቀበል አይችልም።

እዚህ ላይ የባሕል መድኃኒት ዐዋቂዎች የሚሰጡትን መልስ ሳናዳምጥ ፍርድ ብንሰጥ በደል ይሆንብናል። ብዙዎቹ ዕውቀታቸውን ከአባታቸው በአደራ የተቀበሉ ናቸው፤ እነርሱም በተራቸው ለሚመርጡት ልጅ፣ አንዳንዴም በመሞቻቸው አልጋ ላይ፣ በጆሮ ያስተላልፉታል። መድኃኒት ከተነገረ ኀይሉን ያጣል የሚል እምነት አለ፤ ይህን እናልፈዋለን። ደግሞም እንጀራቸው ነው፤ የዕፁ ስም በአደባባይ ቢነገር ነገ ማን ወደ ቤታቸው ይመጣል? ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሦስተኛው ምክንያታቸው ግን ከሁሉ የሚከብድና የሞራል ክብደት ያለው ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «የሚያድነውን የነገርኩት ሰው የሚገድለውንም ነገርኩት ማለት ነው። ዕፁን ለማያውቁት እጅ አሳልፎ መስጠት ለሕፃን ምላጭ እንደ መስጠት ነው።» ለዚህ ንግግር ምስክር ቢፈልጉ አያጡም። እንዶድ ልብስ ያነጣል፤ ነገር ግን ፅንስ ለማስወረድ ሲሉ እንዶድ ጠጥተው የሞቱ እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። የብርብራ ፍሬ ዓሣ ያደነዝዛል፤ የሰው ጠላት ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ምን ያደርግ ይሆን?

ይህን ክርክር በአንድ ቃል ገልብጠን ለመጣል አንችልም። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። እንዶድ ጠጥታ የሞተችው ሴት የዕፁን ኀይል ቀድሞውኑ ሰምታ ነበር፤ ያልሰማችው መግደሉን ነው። ምስጢር የሚጠብቀው ሙሉውን ዕውቀት ነው እንጂ ግማሹ ዕውቀት በየመንደሩ ሲዞር የሚያግደው የለም። ግማሹ ደግሞ ሁልጊዜ የጥቅሙ ግማሽ ነው። ሰው «አዳነኝ» ሲል ይሰማል፤ የሞተው ግን አይናገርም።

ይህን ነገር ከሌላ አገር ታሪክ ጋር ብናመዛዝነው ይበልጥ ይገለጥልን ይሆናል። ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1775 ሰውነትን ስለሚያሳብጥ በሽታ መድኃኒት ተጠየቀ። መድኃኒቱ በሽሮፕሺር አውራጃ የምትኖር አንዲት አሮጊት በቤተ ሰቧ ምስጢር አድርጋ የያዘችው፣ ከ20 የሚበልጡ ቅጠላ ቅጠሎች የተቀላቀሉበት ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ዲጂታሊስ የሚባለው አበባ ብቻ መሆኑን ዐወቀ። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው የእኛን አክብሮት የሚገባው። ወዲያው ወደ ገበያ አልሮጠም። 10 ዓመት ያህል መጠኑን እየቀነሰና እየጨመረ፣ የሕሙማኑን ሁኔታ እየመዘገበ ቆየ፤ በ1785 መጽሐፉን ሲያሳትም የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንና መድኃኒቱ የጎዳቸውንም አብሮ አሳተመ። ከልክ ሲያልፍ እንደሚያስታውክ፣ የልብን ትርታ እንደሚያዘገይ፣ ነገሮችን ሁሉ ብጫና አረንጓዴ አድርጎ እንደሚያሳይ ጻፈ። በዚህ ዕፅ ላይ በማዳኑና በመግደሉ መካከል ያለው ርቀት እጅግ አጭር ስለ ሆነ፣ ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ ዲጂታሊስ የሐኪም መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ መርዝ ተብሎ በተጣለ ነበር። ጉዳቱን መናገር መድኃኒቱን አላዋረደውም፤ እስከ ዛሬ አቆየው እንጂ። የአሮጊቷ ስም ግን በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም።

በእስያም እንዲህ ያለ ምሳሌ እናገኛለን። ወይዘሮ ቱ ዮዮ የተባሉት ቻይናዊት ሊቅ ከአንድ ሺህ 600 ዓመት በፊት ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ፍንጭ አግኝተው የወባን መድኃኒት ከአርቴሚሲያ ቅጠል ባወጡ ጊዜ፣ በ1972 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አስቀድመው ራሳቸው ጠጥተው ጉዳቱን ፈተኑ። የኖቤል ሽልማት የመጣው በ2015 ነው። እኛ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ያንን የመጀመሪያ ጽዋ እናከብራለን፤ ሌላውን ከማጠጣታቸው በፊት አደጋውን በገዛ ሰውነታቸው ጠይቀውታልና።

እስከ አሁን ድረስ የተናገርነው ስለ ባሕሉ ዐዋቂ ነው። ተምረናል የምንለው ደግሞ ከዚህ ዕዳ ነፃ ነን ወይ? አንድ ቀን በአንድ ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ያየነውን እንናገር። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች። ልጁ ተዝለፍልፏል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ወጥቷል። ሐኪሙ ገና ሳይነካው «ምን አጠጣሽው?» ብሎ ጮኸባት። «ምንም አላጠጣሁትም ጌታዬ» አለች። «እናንተ ሰዎች መቼም አትማሩም!» አላት። ወደ ውጭ ስትወጣ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አብራት ለመጣችው እኅቷ «የነገርኩት እንደ ሆነ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ» ስትላት ሰማን። ያን ጊዜ ከተቀመጥንበት ተነሥተን ለሐኪሙ ለመንገር አመነታን፤ በኋላ ተነሥተን ነገርነው። ያመነታንባቸው ደቂቃዎች ግን እስከ ዛሬ ከሕሊናችን አልወጡም።

ያቺ እናት የዋሸችው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ስድቡ በሩን ስለ ዘጋባት ነው። እንግዲህ ታማሚው በሁለት ዝምታዎች መካከል ቆሟል። በአንደኛው በኩል ዐዋቂው ያጠጣውን ዕፅ ስም አይነግረውም፤ በሌላው በኩል የተማረው ሰው የጠጣውን እንዳይናገር ያሳፍረዋል። ባሕላዊውን መድኃኒት መናቅ ጉዳቱን የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች ተሳስተዋል፤ መናቅ ጉዳቱን ከዓይናችን ያርቀዋል እንጂ አይቀንሰውም። በዛሬ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ብዙ ሰው የሐኪም ቤቱን ክኒን እየዋጠ ማታ ቅጠሉን ይጠጣል፤ አንዳንድ ዕፅ ደግሞ የክኒኑን ኀይል እንደሚያዳክም ወይም እንደሚያበረታ የታወቀ ነው። ክኒን የምንለው ቃል ራሱ ከአንድ ዛፍ ልጥ በ1820 ከወጣው የወባ መድኃኒት፣ ከኪኒን፣ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የተማረው ሰው በእጁ የያዘው ዕፅ ነው፤ ልዩነቱ መለካቱ ብቻ ነው። ያንንም መጠን በትክክል እንነግራለን ወይ? ከክኒኑ ጋር በባዕድ ቋንቋ የታተመ ወረቀት እንሰጣለን፤ ባለቤቱ አጣጥፎ ለዕቃ መጠቅለያ ያደርገዋል። አጤ ፋሪስን በጆሮ ካላሾከሾከው ደብተራ በምን ተሻልን?

ከዚህ በተቃራኒው ደግሞ ተፈጥሮን ያለ ልክ የሚያመልኩ አሉ። «ቅጠል ነው፣ ኬሚካል የለበትም፣ አይጎዳም» የሚለው ቃል በከተሞቻችን እየበዛ ሄዷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂግ ከተማ በብራስልስ ሰውነታቸውን ለማክሳት በአንድ ሐኪም ቤት የቻይና ዕፅዋት የተሰጣቸው ከ100 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተበላሸ። ምክንያቱ ሲመረመር በቻይንኛ ስማቸው የተቀራረበ ሁለት ዕፅዋት ስለ ተለዋወጡ አሪስቶሎኪያ የሚባለው ዕፅ በሌላው ፋንታ ገብቶ ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው በረኀብ ዘመን ከሜዳ የማያውቀውን ቅል ለቅሞ በድስት የጨመረው ሰው ክፋት አላሰበም፤ የበሉት ግን ኤልሳዕ ባይደርስላቸው በሞቱ ነበር። በእኛም አገር አንዱ ዕፅ ከአውራጃ አውራጃ ስሙ ይለዋወጣል። ስሙ ብቻ የተነገረና መልኩ ያልታየ መድኃኒት እንዲህ ያለ ወጥመድ አለበት።

አሁን ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አጠገብ በሚወርድ ወንዝ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ በሽታ መተላለፊያ ነው፤ ስለዚህ የአጣቢዎቹ አረፋ ሳያውቁት ወንዙን ያክም ኖሯል። ከፍሬው የወጣው ቅመም በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ፤ ይህም እንደ ኮሶቶክሲን መርዝ የሚል ቃል በጅራቱ ያለበት ነው። ቀንድ አውጣውን ገድሎ የሚያድነው ቅመም ዓሣውንም ይገድላልና ጉዳቱ በዓለም አቀፍ መለኪያ እስኪመረመር ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። እኛ ይህ መዘግየት ሁሉ ትክክል ነበር አንልም፤ ሕፃናት በየወንዙ ዳር ሲታመሙ የሚጠበቅ ማስረጃ የራሱ ዋጋ አለው። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጡር በእንዶድ ሊጠፋ እንደሚችል ዶክተር አክሊሉ ከተሳተፉበት ጥናት ስለ ታወቀ፣ በ1993 የፈጠራው መብት በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። በመብቱ ወረቀት ላይ የአድዋ ልብስ አጣቢዎች የሉበትም።

የመድኃኒት ዐዋቂው ይህን ቢሰማ «ይኸው፣ የተናገረ ተዘረፈ» ቢለን ምን እንመልሳለን? አገራችን በ2006 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው ዐውቃለች፤ ይህ መልካም ጅማሬ ነው። ነገር ግን አዋጁ በገጠር ያለው ዐዋቂ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ዝም ማለቱን ስግብግብነት ብለን ልንጠራው አይቻለንም። ተናገር የምንለው ሰው ሲናገር ምን እንደሚያገኝ አስቀድመን መንገር የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን በዚህ መሥመር ላይ እናኖራለን። የዕፁን ስም ዐዋቂው ሊይዘው ይችላል፤ ለፍቶበታል፣ ወርሶታል፣ እንጀራው ነው። ጉዳቱን ግን ሊይዘው አይችልም። ጉዳቱ የሚደርሰው በጠጪው ሰውነት ውስጥ ስለ ሆነ የጠጪው ንብረት ነው። «ይህን ከጠጣህ በኋላ ዓይንህ ቢፈዝ፣ ልብህ ቢደክም፣ አትድገም፤ ሴት ከሆንሽና ከጸነስሽ አትንኪው» ለማለት የዕፁን ስም መግለጥ አያስፈልግም። አያታችን ስም ሳይገልጡ ይህን ያደርጉት ነበር። ነገር ግን ይህ መሥመራችን ራሱ የሚሰበርበት ቦታ እንዳለ እናውቃለን፤ ይኸውም የሐኪም ቤቱ በር ነው። ያ ሕፃን ተዝለፍልፎ በሐኪሙ ፊት ሲተኛ «ጠላልኛል የተባለ ነገር አጠጡት» ማለት አይበቃም፤ ስሙ ካልታወቀ ማርከሻው አይታወቅም። በዚያ ሰዓት ስሙም ከዐዋቂው እጅ ወጥቶ የታማሚው ይሆናል። አንድ ዐዋቂ በሌሊት ተጠርቶ ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ የዕፁን ስም ለሐኪሙ ብቻ በጆሮው ቢነግረው አባቱን የከዳ አይመስለንም። ሐኪሙም በፊንታው ተቀምጦ የሚሰማ፣ የሰማውንም የሚመዘግብ፣ በአደባባይ የማያዋርድ ሊሆን ይገባዋል።

ጎረቤታችን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አያታችን በየሳምንቱ እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። «ምነው አልላክህብኝም?» ይሉታል። እርሱም «ምነው አልነገሩኝም?» ይላቸዋል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ቡና ይፈላል። ኮሶን ከሕዝባችን ፋርማኮፒያ የዛሬው ክኒን እያወጣው ስለ ሆነ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሆኗል። አያታችን ይበጠብጡበት የነበረው ዋንጫ ዛሬም በቤታችን አለ። ስንት መዳፍ ይጨምሩበት እንደ ነበረ ግን ከእኛ መካከል የጠየቀ አልነበረም።